የቆመ ባቡር፣ ያልቆመ እጅ

በዚህ ገጽ ዘወትር የሚተቸው መጽሐፍ ነው፤ ዛሬ ተራው የአንድ ቦታ ነው። ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን የቀድሞውን ሐዲድ፣ በተለይም የድሬዳዋውን የጥገና ወርክሾፕ እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ሕያው ሙዚየም የጥንቱ ሥራ ከመስታወት ሣጥን ወጥቶ፣ በደጅ፣ ሰው እየሠራው የሚታይበት ነው። አርቱር ሃሴሊየስ በ1891 በስቶክሆልም ስካንሰንን ሲከፍት ከየገጠሩ ቤቶች አስፈትቶ አመጣ፤ የባህል ልብስ የለበሱ ሰዎችም አቆመባቸው። እስከዚህ መልካም። የሰሜኑን የሳሚ ሰዎች ግን ከነአጋዘናቸው በግቢው አስፍሮ ለከተሜ መታያ አደረጋቸው። ፎቶ አንሺ እንግዳ ወደ መጠለያችን ሲመጣ የሚሰማንን የምናውቅ አንባብያን ማብራሪያ አያሻንም። የሚታየው ሰው ራሱ ይናገራል ወይስ ሌላ ይናገርለታል? የእኔ መለኪያ ይህ ነው።

በዚህ መለኪያ ድሬዳዋ ትበልጣለች። ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ምኒልክ በ1894 በሰጡት ውል ሐዲዱ ሐረርን ሊነካ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ በ1902 ታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። በወርክሾፑ ሽማግሌው ሠራተኛ የለበሰው ዘይት የጠጣ ቱታ እንጂ የትርኢት ልብስ አይደለም። የቶርኖውን ጠባይ የሚያስረዳውም ራሱ ነው፤ ፈረንሳይኛውን ካገሩ ቋንቋ እያደባለቀ። «ለገሃር» የምንለው ቃል ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» መምጣቱ እዚያ ቆሞ ለሚሰማ ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ የመካኒኮች ብቻ አልነበረም። በሦስተኛ ማዕረግ ተጨናንቀው ጨርቅና ሸቀጥ ያመላለሱ ሴቶች ከጉብኝቱ ከቀሩ ታሪኩ ግማሽ ነው። በ1985 መጀመሪያ አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከድልድይ ላይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። የሞተሩን ጉልበት በቁጥር የሚጠይቅ ጎብኚ ይህንንም ቁጥር ሊሰማ ይገባዋል፤ ጉብኝቱን ያበላሻል የሚል ካለ፣ ይበላሽ።

ወደ እኛው ጫፍ እንመለስ። ሥራው በ1897 የተጀመረው ከዚህ ከተማ ነው። ኤሌክትሪኩ ባቡር በ2018 መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ መንገደኛ የሚሳፈረው ወጣ ብሎ ከናጋድ ነው። የድሮውን መሥመር በእጃቸው የሚያውቁት ግን እያረጁ ናቸው። ጅቡቲም የራሷን ጫፍ ሙዚየም አደርጋለሁ ካለች፣ አስቀድማ ለእነርሱ ደመወዝ ትቁረጥ፤ ቀለሙና ምልክት ሰሌዳው ኋላ ይደርሳል።