ሳይነኩ የድምፅን ፍጥነት መለካት

ፈሳሽ ረግቶ ቢታይም ውስጡ ዕረፍት የለውም፤ በሙቀት የሚናወጡት ሞለኪውሎቹ ጥቃቅን የድምፅ ሞገዶችን ያለማቋረጥ ይፈጥራሉ። ፈረንሳዊው ሌዮን ብሪሉዊን እ.ኤ.አ. በ1922 ብርሃን በእነዚህ ሞገዶች ሲበተን ድግግሞሹ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል በስሌት አሳየ። ሩሲያዊው ሊዮኒድ ማንደልስታምም ለብቻው እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሷል። በ1930 የሌኒንግራዱ የቭጌኒ ግሮስ ለውጡን በፈሳሾች ውስጥ በሙከራ አየው።

በ1932 ደባይና ሲርስ በአሜሪካ፣ ሉካስና ቢካር በፈረንሳይ ሌላ መንገድ አሳዩ፦ በኳርትዝ ክሪስታል አልትራሳውንድ ወደ ፈሳሹ ይላካል፣ ብርሃንም ሞገዱን አቋርጦ ሲያልፍ ወደ ጎን ይከፈላል። ከማዕዘኑ የድምፁ የሞገድ ርዝመት ይገኛል፤ በድግግሞሹ ሲባዛ ፍጥነቱ ይወጣል።

የብሪሉዊን ዘዴ ግን ድምፅ ሰሪ እንኳ አያስፈልገውም፤ ትልቁ ውበቱም ይኸው ነው። 532 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አረንጓዴ ሌዘር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ ተበትኖ ወደ መጣበት ሲመለስ ድግግሞሹ በ7.4 ጊጋኸርዝ ገደማ ይለወጣል። ከዚህ ተነስቶ ሲሰላ የድምፁ ፍጥነት በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ይሆናል። ለውጡ ከብርሃኑ ድግግሞሽ 75,000ኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህን ለይቶ የሚያሳየው የፋብሪና የፔሮ ኢንተርፌሮሜትር ነው፤ ምስጋናው ለእርሱም ይገባል።

ዘዴው ባይኖር በሁለት አልማዞች መካከል በታላቅ ግፊት የታመቀችን የፈሳሽ ጠብታ መመርመር እጅግ ይከብድ ነበር። በዚያ ጠባብ ስፍራ ለድምፅ ሰሪ መሣሪያ ቦታ የለም፤ ብርሃን ግን በአልማዙ ውስጥ አልፎ ይገባል።