ያልተጠየቀው ጨው

የደም ግፊት ወይም የልብ ድካም ላለበት ሕመምተኛ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሰጠው የአመጋገብ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቃላት አያልፍም፤ «ጨው ይቀንሱ» ተብሎ ያበቃል። በየጤና ተቋሙ ግድግዳ የሚለጠፈው ማስተማሪያም የጨው መነስነሻ ስሎ በቀይ መስመር ይሰርዘዋል። ሥዕሉ ከሌላ አገር ገበታ የተወሰደ መሆኑ ያስታውቃል። በኢትዮጵያ ቤት ጨው በገበታ ላይ የሚነሰነሰው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚገባው ድስቱ ውስጥ ነው፤ መጠኑንም የምትወስነው ወጥ ሠሪዋ እንጂ ሕመምተኛው አይደለም።

በክፍሉ የሚደጋገመው ምልልስ ይህን ይመስላል፦
«እማማ፣ ጨው ትተዋል?»
«ከተውኩት ቆየሁ ልጄ፤ አልጫውን ነው የምበላው።»
ሐኪሙ መልሱን በካርዱ ላይ ያሰፍርና የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ያደርጋል። እግራቸው ግን እንዳበጠ ነው። ልጃቸው የጨው እጦት ያደበዘዘውን ወጥ ለማጣፈጥ ሁለት ፍሬ ኩብ እንደጨመረችበት የጠየቃት የለም። እርሷም ብትሆን አልዋሸችም፤ በእርሷ ዘንድ «ማጊ» ወይም «ክኖር» ቅመም ነው፣ ጨው አይደለም።

እዚህ ላይ የኩቡን አመጣጥ ማስታወስ ይጠቅማል። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1847 የሥጋ ጭማቂን አወፍሮ የማቆየት ዘዴ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮም በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ በኡራጓይ ፍራይ ቤንቶስ ምርቱን በብዛት አወጣ። አንድ ኪሎ ለማግኘት ወደ 30 ኪሎ ሥጋ ይፈልግ ስለነበር ለድኩማን ብርታት የሚሰጥ ምግብ ተደርጎ ታይቶ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ መሆኑ ታወቀ። ስዊዘርላንዳዊው ዩልየስ ማጊ እ.ኤ.አ. በ1908 ኩቡን ለገበያ ባቀረበበት ዓመት፣ ኪኩናኤ ኢኬዳ በቶኪዮ ከባሕር አረም ግሉታሜትን ለይቶ አወጣ። የዛሬው ኩብ የእነዚህ ሁሉ ወራሽ ነው። በመጠቅለያው ላይ ዶሮ ወይም በሬ ይታያል፤ ከውስጡ ግን ሥጋው ከስም አያልፍም፤ አንዳንዴም ጨርሶ የለም። ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ጨው ሲሆን የቀረው ግሉታሜት፣ ስታርች፣ ስብ፣ ስኳርና ማጣፈጫ ነው።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። የአንዱ ፍሬ ክብደት እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 10 ግራም ይደርሳል። ባለ 10 ግራሙ ቢያንስ 5 ግራም ያህል ጨው ይዟል ማለት ነው፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው ለቀኑ ሙሉ ከዚህ በታች ይሁን የሚለው መጠን ነው። ለአምስት ሰው በሚሠራ ወጥ ሁለት ፍሬ ቢገባ ለእያንዳንዱ በአንድ ማዕድ 2 ግራም ይደርሰዋል። በበርበሬውና በሽሮው ዱቄት ቀድሞ የተቀላቀለው ጨው፣ በመጨረሻም «ለመጠን» ተብሎ ጣል የሚደረገው ገና አልተቆጠረም። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የአጋላጭ ሁኔታዎች ጥናት የአዋቂዎች አማካይ የቀን ጨው ፍጆታ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። የሽንት ምርመራ ጨው ከየትኛው ዕቃ እንደተጨለፈ አይለይም፤ ምክሩ ግን አንዱን ዕቃ ብቻ ይከስሳል።

ስለ ኩቡ የሚናገሩ የሉም ማለት አይደለም። የሚናገሩት ግን በአመዛኙ «ኬሚካል ነው» በሚል ነው። ይህ ክስ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ሐኪም በቻይና ምግብ ቤት ከተመገበ በኋላ የተሰማውን በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት በደብዳቤ ካወጣ ወዲህ ነው። ተመጋቢውም ሆነ ተመራማሪው የተሰጠውን ሳያውቁ የተደረጉ ሙከራዎች ያንኑ ስሜት በተከታታይ ሊደግሙት አልቻሉም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ለግሉታሜት በኪሎ የሰውነት ክብደት 30 ሚሊግራም የቀን ወሰን ማውጣቱ ሳይዘነጋ፣ ወጥ ሠሪዋን የሚያስፈራራው ባለሙያ የተሳሳተውን ተከሳሽ ይዟል። ሶዲየም በግሉታሜት ውስጥ 12 በመቶ ገደማ፣ በገበታ ጨው ውስጥ 39 በመቶ ነው። ግሉታሜት በልኩ ቢገባ ጨው ለመቀነስ ሊያግዝ ይችል ነበር። ችግሩ ኩቡ በጨው ምትክ ሳይሆን ጨውን ተሸክሞ፣ በጨውም ላይ ተደርቦ መምጣቱ ነው።

ወጥ ሠሪዋን ማውገዝም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሥጋና ቅቤ በማይቀመሱበት ዋጋ ላይ፣ አንድ ፍሬ ኩብ ለሽሮ የሚሰጠውን ጣዕም ሌላ ርካሽ ነገር አይሰጠውም። በዐረብ አገሮች ቤት ለቤት ሲያገለግሉ ቆይተው የተመለሱ ብዙ እኅቶችም ይህን አሠራር ለምደው መጥተዋል። በጾም ወራት ቅቤ ሲቀር ኩቡ ይበረታል፤ ያን ጊዜም ዶሮ ስላለበት ይጾማል አይጾምም የሚለው ጥያቄ ስለ ጨውነቱ ከሚነሣው ይቀድማል። ከሱቅ በፍሬ የምትገዛው ሴት የይዘቱ ዝርዝር የታተመበትን ካርቶን አታየውም፤ ብታየውም የተጻፈው ብዙውን ጊዜ በማታነበው ቋንቋ ነው።

በመሆኑም የአመጋገብ ታሪክ ሲወሰድ ምግቡን የምትሠራው አብራ ብትገባ፣ በድስቱ ስንት ፍሬ እንደሚገባ፣ ድስቱ ለስንት ሰው እንደሆነና ከኩቡ በኋላ ጨው ይጨመር እንደሆነ ብትጠየቅ፣ የሚወስደው ጊዜ ግፊት ከመለካት አይበልጥም። ኩቡን ለማይተው ቤት ሌላውን ጨው ጨርሶ ማስቀረት ይሻላል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ባሉበት ወጡ አይጎመዝዝም። «ሶዲየሙ የተቀነሰ» የተባለውን ምርት ለሚጠቁም ባለሙያ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በጨው ፋንታ ፖታሲየም ክሎራይድ የገባባቸው ናቸው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ወይም ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል ለሚወስድ ሕመምተኛ ፖታሲየሙ ሳይለካ ሊታዘዙ አይገባም።