ከወርቁ በታች

ለንደን የሚገኘውን የንጉሣውያን የፈረስ ጋጣ የሚጎበኝ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እ.ኤ.አ. በ1762 በተሠራው የወርቅ ሰረገላ ላይ ነው። ውበቱ አያከራክርም። ምቾቱን ግን የመሰከረለት የለም፤ 4 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሰረገላ 8 ፈረሶች በዝግታ ይጎትቱታል፣ በቆዳ ጠፍር የተንጠለጠለው አካሉም ዳግማዊት ኤልሳቤጥን ሳይቀር አማሯል። እኔን የሚገርመኝ ሙያ ከወርቁ በታች ያለው ነው፤ መንኮራኩሩ። ያውም የእንግሊዝ ገጠር አናጺ ለጭነት ጋሪ ይሠራው የነበረው።

ሦስት ዓይነት እንጨት ይገባበታል። እምብርቱ ኤልም ነው፤ ክሩ የተጠላለፈ ስለሆነ ዙሪያውን ቢበሳሳም በቀላሉ አይሰነጠቅም። ዘንጎቹ ባሉጥ ናቸው፤ በመጋዝ ሳይሆን በመፍለጥ ይወጣሉ። መጋዝ ክሩን ይቆርጠዋል፤ ፍልጥ ግን ክሩን ተከትሎ ይሄዳል። ቸርኬው ከቅስት ቁርጥራጮች የሚገጠም አሽ ነው፤ ድንጋይ ሲመታው ሸብረክ ብሎ ይመለሳል። በአንድ ቅስት ሁለት ዘንግ ይገባል።

መንኮራኩሩ ከጎን ሲታይ ዝርግ አይደለም፣ እንደ ሰሃን ጎድጎድ ያለ ነው። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ፈረስ ሲራመድ ጭነቱን ወዲያና ወዲህ ስለሚያወዛውዘው እምብርቱ በየእርምጃው ወደ ጎን ይገፋል፤ ዝርግ ቢሆን ኖሮ ይገነጠል ነበር። ፋርንሃም ውስጥ ከአባቱ የወረሰውን ወርክሾፕ ያስተዳድር የነበረው ጆርጅ ስተርት እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ በዝርዝር ጽፎታል። የእኛ የከተማ ጋሪ በላስቲክ ጎማ ስለሚሄድ ከዚህ ጣጣ ተገላግሏል።

ሁሉን የሚያጠብቀው የብረት ቀለበቱ ነው። ልኩ የሚወሰደው በእጅ በሚገፋ ትንሽ ክብ ብረት ነው፤ በእንጨቱ ዙሪያ ይንከባለልና ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጠራል፣ ከዚያ ብረቱ ሆን ተብሎ በጥቂቱ አንሶ ይቆረጣል። በእሳት ግሎ ሲሰፋ በጉጠት ይዘው ያጠልቁታል፤ እንጨቱ መጨስ ሲጀምር ውሃ ይቸልሱበታል። ብረቱ ሲኮማተር መጋጠሚያዎቹ እየተንቋቁ ይጠብቃሉ። ከልክ በላይ ካነሰ ዘንጎቹን አጣምሞ ሰሃኑን ያጎደጉደዋል፤ ከሰፋ መንገድ ላይ ይወልቃል። በትክክል የገባውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ ድርቅ ባለ በጋ እንጨቱ ሲሟሽሽ ይላላል፣ ያን ጊዜ ቀለበቱ ይወጣል፣ ጥቂት ተቆርጦለት ይበየዳል፣ እንደገና እሳት ውስጥ ይገባል።