ፊልሙ ያላሳየው ድርቅ

«አጎቴ፣ እውነት እንዲህ ሊሆን ይችላል?» ስትል የእህቴ ልጅ የጠየቀችኝ ኒውዮርክ በበረዶ ስትቀበር ነበር። የምናየው ጀርመናዊው ሮላንድ ኤመሪክ በ2004 እ.ኤ.አ. ለእይታ ያበቃውን «ዘ ዴይ አፍተር ቱሞሮ» (ከነገ ወዲያ) የተሰኘ ፊልም ነው። «ፊልም ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ጥያቄዋ ግን የተሻለ መልስ ይገባዋል።

ታሪኩ አጭር ነው። የዋልታ በረዶ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ጨው አልባ ውሃ የአትላንቲክን የውሃ ዝውውር ያቆመዋል፤ በቀናት ውስጥ የዓለም ሰሜናዊ ክፍል በረዶ ይለብሳል። ተመራማሪው ጃክ ሆል (ዴኒስ ኩዌድ) በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተጠለለ ልጁን ፍለጋ በእግሩ ይገሰግሳል።

መነሻው ፈጠራ አይደለም። ወደ ሰሜን የሚጓዘው ሞቃት ውሃ ሲቀዘቅዝ ከነጨውነቱ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ጨው አልባ ውሃ ሲበዛበት መስመጡ ይዳከማል። ከ12,900 ዓመታት ገደማ በፊት የሰሜን አትላንቲክ አካባቢ በድንገት ቀዝቅዞ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ይህን ከዝውውሩ መዳከም ጋር ያያይዙታል። ሆኖም ለአየር ንብረት «ድንገት» ማለት አሥርተ ዓመታት እንጂ ቀናት አይደለም።

ፊልሙ የተሰናከለው በጥድፊያው ብቻ አይደለም። ከሰማይ አናት ቁልቁል በወረደ ብርድ ሄሊኮፕተሮች ነዳጃቸው ረግቶ ስኮትላንድ ውስጥ ሲወድቁ እናያለን። ፊዚክስ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ወደ ታች የሚወርድ ደረቅ አየር እየታመቀ ስለሚሄድ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። ብርዱ መሬት ሳይደርስ ብርድነቱ ያበቃል።

ፊልሙ ሰው የሚሆነው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። ተራፊዎቹ ለመሞቅ መጻሕፍት ያነዳሉ፤ አንዱ ግን የጉተንበርግን መጽሐፍ ቅዱስ አቅፎ አይሰጥም። አማኝ ሆኖ አይደለም፤ የኅትመት መባቻ ስለሆነ እንጂ። አሜሪካውያን ስደተኞች ሆነው ወንዝ እየተሻገሩ ሜክሲኮ ሲገቡ የሚታየው ስላቅም የሚረሳ አይደለም። ኤመሪክ ግን ሳያብላላው ወደ ማዕበሉ ይመለሳል።

የእኔ ቅሬታ ካሜራው ከዚያ ወዲያ ወደ ደቡብ አለመዞሩ ነው። ሰሜን አትላንቲክ ሲቀዘቅዝ የሐሩር ክልል ዝናብ ቦታውን ይለቅቃል። ከ17,000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ በእንዲህ ያለ ዘመን፣ ጣና ደርቆ እንደነበር ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል ይመሰክራል።

የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ዝውውሩ በዚህ ምዕተ ዓመት መዳከሙ አይቀርም ብሏል። ከ2100 በፊት በድንገት ይቆማል ብሎ ግን አይጠብቅም፤ በዚህ ላይ ያለው እርግጠኝነት ደግሞ መካከለኛ ነው።

ይህን በልጅ ቋንቋ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ታዲያ እኛ ጋ በረዶው አይመጣማ!» አለች፣ ደስ እያላት።

«በረዶውስ አይመጣም» አልኳት፤ «ዝናቡ ግን ሊቀር ይችላል።»

ዝም አለች። ፊልሙ ሲያልቅም ጠፈርተኞቹ ከላይ ሆነው የሚያደንቁት የጠራውን የሰሜን ሰማይ ነበር።