ውሃ ሲከበው የሚለወጥ ብርሃን

የሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። በዚያ ስስ ስብ ውስጥ ውሃ የት ድረስ እንደዘለቀ ማን ያያል? ላውርዳን ያያል። ይህን አብሪ ቀለም የሠራው የአርጀንቲናው ተወላጅ ግሬጎሪዮ ዌበር ነው፣ በ1979 እ.ኤ.አ.። ቀለሙ ባለ 12 ካርቦን ጅራቱን ስቡ ውስጥ ሰክቶ ይቀመጣል። ብርሃን ሲያርፍበት ካገኘው ጉልበት ከፊሉን በዙሪያው ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች ለማዞር ያወጣል፤ የሚመልሰው ብርሃን ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጥቅጥቅ ባለ ደረቅ ሽፋን ውስጥ ሰማያዊ፣ 440 ናኖሜትር አካባቢ፤ ልል ሆኖ ውሃ በገባበት አረንጓዴ፣ ወደ 490። ሁለቱን በማይክሮስኮፕ ማነጻጸር ብቻ ነው፤ ሕዋሱም አይገደልም። ቀለሙ ቶሎ የመደብዘዝ ዐመል አለበት (እንከን የሌለው ማን አለ?)። ያም ሆኖ ከ40 ዓመት በላይ አልፎትም ቤተ ሙከራዎች አልተዉትም።