«ያለፈው ዓመት በማሪየንባድ»፤ ቅኔ ወይስ እንቆቅልሽ?

በአዲስ አበባ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ በቅርቡ በተዘጋጀ የፊልም ምሽት «ያለፈው ዓመት በማሪየንባድ» የተባለው የፈረንሳይ ፊልም ለተመልካች ቀርቦ ነበር። አስተዋዋቂው ገና ከመጀመሩ በፊት፣ ይህ በስሜት የሚቀበሉት እንጂ በአእምሮ የሚመረምሩት ሥራ አይደለም ሲሉ አሳሰቡ። ከ94ቱ ደቂቃ እኩሌታው ሳያልፍ የወንበር ኳኳታ ይሰማ ጀመር። መብራቱ ሲበራ ከገባው ሰው ግማሹ አልነበረም፤ የቀረነውም እርስ በርስ ለመተያየት አፈርን። አላዋቂ የተባልን መስሎን ነበርና።

ለመሆኑ ተመልካቹ አላዋቂ ነውን? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንዲያ አያምንም።

ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1961 ያዘጋጀው አላን ሬኔ ሲሆን ድርሰቱ የአላን ሮብ ግሪዬ ነው፤ በዚያው ዓመት በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ተሸልሟል። ታሪኩ፣ ታሪክ ከተባለ፣ እንዲህ ነው። አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ ሰው በታላቅ ሆቴል ውስጥ ስሟ ያልተጠቀሰ ሴት አግኝቶ፣ አምና ተዋውቀን ነበር፣ አብረሽኝ ልትሄጅም ቃል ገብተሽልኛል ይላታል። እሷ አላስታውስም ትላለች። ባሏ መሆን አለመሆኑ በውል የማይለይ ሌላ ሰው ደግሞ ከእንግዶቹ ጋር በክብሪት እንጨት እየተጫወተ ሁልጊዜ ይረታል። ያው መተላለፊያ፣ ያው ጣራ፣ ያው ንግግር ይመላለሳል።

የምስሉን ውበት መካድ አይቻልም። በአትክልቱ ስፍራ የቆሙት ሰዎች ረዣዥም ጥላ ሲጥሉ ዛፎቹ ጥላ የለሽ የሆኑበት ትዕይንት ከአእምሮ አይጠፋም። (የሰዎቹ ጥላ መሬት ላይ በቀለም የተሣለ ነበር።)

የተሰወረ ነገር ለእኛ ባዳ አይደለም። ባለ ቅኔው ወርቁን በሰም የሚሸፍነው ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው ነውና ኅብረ ቃሉን አኑሮለት ያልፋል። ዝግታም ቢሆን አያሸሸንም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ እርምጃውም የበሬ እርምጃ ነው። ሆኖም አራሹ ማን፣ በላተኛው ማን እንደ ሆነ ከማንም ተመልካች አይሰወርም።

በ«ማሪየንባድ» ላይ ያለኝ ቅሬታ ግን ከመሰልቸት የከፋ ነው። ሮብ ግሪዬ በመጽሐፍ ባሳተመው ድርሰት ውስጥ ሰውየው ሴቲቱን በክፍሏ በኃይል የሚደፍርበት ትዕይንት አለ። ሬኔ ይህን ትቶ በምትኩ ካሜራው ወደ ሴቲቱ የተዘረጉ ክንዶች ደጋግሞ እንዲንደረደር፣ ብርሃኑም ምስሉን እስኪያነጣው እንዲጎላ አደረገ። ግፉን ለማሳየት አለመፍቀዱ አያስወቅሰውም፤ ጨዋነትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በበደሉ ቦታ ፈገግታ ሲተካ፣ የሴቲቱ እምቢታ የፍቅር መሽኮርመም መሰለ። በመጨረሻ ተከትላው ስትወጣ ነጻ ወጣች ወይስ ተረታች? ግራ የተጋባነው በጊዜው መዘበራረቅ ሳይሆን በዚህ ይመስለኛል። መልሱ ለተመልካች የተተወ ነው የሚሉ አሉ። ለተመልካች ለመተው ግን አስቀድሞ ለእሷም አንደበት መስጠት ይገባ ነበር፤ ከመነሻው ጀምሮ ተራኪው ሰውየው ነው።

በውይይቱ ሰዓት ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። «ልጅቱ አላስታውስህም ስትለው ለምን አይተዋትም?» ሲሉ ጠየቁ። አስተዋዋቂው ፈገግ ብለው የድምፅ ማጉያውን ለሌላ ጠያቂ አሳለፉ።