የእንጨት ድልድይ ከሥሩ ሲታይ

የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ብዙ ውሃ ስለሚፈልግ በሲዳማም ሆነ በጌዴኦ ብዙውን ጊዜ የሚተከለው ወንዝ ዳር ነው። አይሱዙው ግቢ ለመግባት ትንሽ የእንጨት ድልድይ መሻገር ግድ የሚሆንበት ጣቢያም አለ። በለቀማ ወቅት ያ ድልድይ ከተሰበረ ነገሩ ለነገ አይባልም፤ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መቡካት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ባለቤቱ «ቶሎ በሉ» ቢል አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ፈጥኖ የተሠራው ሥራና በጥድፊያ የተሠራው ለየቅል ናቸው።

ሁለቱን ለመለየት እኔ የምቆጥረው መንገዱ የተዘጋበትን ሰዓት ነው። ጎበዝ አናጢ አሮጌው ድልድይ ገና መኪና እያሳለፈ ግንዱን ልጦ፣ በልኩ ቆርጦ፣ የቡሎኑን ቀዳዳ በስቶ ወንዙ ዳር ይገጥመዋል፤ ከዚያ ቁጥር ጽፎበት ይፈታዋል። እሸቱ የሚገባው ከሰዓት በኋላና ማታ በመሆኑ፣ አሮጌውን ድልድይ የሚያፈርሰው በማለዳ ነው። አሮጌውን አፍርሶ እንጨት ፍለጋ የሚሄደውን ግን ከወዲሁ ይጠንቀቁት።

ቀጥሎ ወደ ሥር ይውረዱ። ወለሉ ማንንም ያታልላል፤ አዲስ ጣውላ ሁሌም ያምራል። ክብደቱን የሚሸከመው ግንድ ነው፣ ውፍረቱ ላይ መሰሰትም ትልቅ ጥፋት ነው። የክብ ግንድ ጥንካሬ ከውፍረቱ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፦ 25 ሴንቲሜትር የሆነው 20 ሴንቲሜትር ከሆነው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት ከሆነ ደግሞ በጠባብ ጎኑ መቆም አለበት። ተጋድሞ ካዩት ሥራውን ያስቁሙ።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ጽድ ምስጥን ይቋቋማል፣ ባሕር ዛፍ ግን አፈር ከነካ አይበረክትም። ስለዚህ ልጡ ሙልጭ ብሎ መነሣቱን፣ ጫፉም በአፈር ሳይሆን በድንጋይ ግንብ ላይ ማረፉን ይዩ። ከግንዱ ጫፍ ኋላ አየር የሚገባበት ክፍተት ቢኖር ይመረጣል፤ መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነውና። በጣውላዎቹ መካከልም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካልተተወ ጭቃው ውሃ ይዞ ይቀራል።

ግንቡ ራሱስ? ትንንሽ ድልድዮችን ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው ጎርፍ ከመሠረታቸው ሥር አፈሩን ሲቦረቡር ነው። ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ገለባና ላስቲክ የክረምቱ ውሃ እስከ የት እንደደረሰ ያሳያል፤ የግንዱ ሆድ ከዚያ ከፍ ማለት አለበት።

መጨረሻ ላይ ከዳር እስከ ዳር ከሥር ሲባጎ ወጥረው የጫነ አይሱዙ መሐል ላይ ያስቁሙ። ባለ 6 ሜትሩ ግንድ 2 ሴንቲሜትር ያህል ቢጎብጥ አያስደነግጥም፤ መኪናው ሲወርድ ግን ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ደግሞም እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቡሎኑ ይላላል። አናጢው ሳይጠየቅ «ከወር በኋላ መጥቼ አጠብቀዋለሁ» ካለ፣ የቀረውን ክፍያ ለዚያ ቀን ያቆዩለት።